ስምንተኛው ሺህ ከገባ ቆየ፦ በዓል እየቆጠሩ የምጽአትን ቀን መገመትና ስህተቶቹ

ባለፈው እሑድ ደብረ ዘይት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዳችን የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ይዤ ከመቃኞው ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ቦታው ኮዬ ፈጬ ነው። ከወዲህ ኮንዶሚኒየም፣ ከወዲያ ደግሞ ገና ያልተነካ ሜዳ ይታያል። ጠመኔ ሳላነሳ አንዱ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ዘንድሮ ነው አሉ።»

«ምኑ?»

«ምጽአቱ።»

ስልኩን ዘረጋልኝ። ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ቀመር፣ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስንት ስልክ እንደተዘረጋልኝ አልቆጠርኩም። ዘንድሮ ግን በዛብኝ። ስለዚህ አንድ በአንድ ልጻፋቸውና ልገላገል።

«ስምንተኛው ሺህ ሊገባ ነው»

ሊገባ አይደለም፣ ገብቷል። ከገባም ቆየ።

በቤተ ክርስቲያናችን ቆጠራ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሩ። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ይመጣል። ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። ሰባተኛው ሺህ ያለቀው እንግዲህ በ1500 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ልብነ ድንግል በልጅነቱ ዙፋን ላይ በተቀመጠበት ሰሞን። አሁን ያለነው በስምንተኛው ሺህ 518ኛ ዓመት ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ጨመረ ተብሎ «ወይ ስምንተኛው ሺህ!» ሲባል እኔም አብሬ እላለሁ፤ ለአነጋገር ያምራል። ለቆጠራ ግን አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። ግሪኮችና ሩሲያውያን ከልደት በፊት ያለውን 5508 ስለሚሉ ሰባት ሺህ ለእነሱ ቀድሞ ሞላ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1492። ሩሲያውያን የፋሲካ ሰንጠረዣቸውን ያዘጋጁት እስከዚያ ዓመት ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ያደርግላቸዋል? ዓመቱ መጣ፣ ዓመቱ ሄደ። የሞስኮው ሊቀ ጳጳስ ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ቁጭ ብሎ የቀጣዮቹን ዓመታት ፋሲካ ማውጣት ግድ ሆነበት። አይሁድ ደግሞ ዘንድሮን 5786 ይሉታል። ዓለም ያው አንድ ነው፤ ዕድሜው ግን እንደ ቆጣሪው ነው።

እኔስ? በ1999 ተማሪ ሳለሁ የደብተሬ የጀርባ ልባስ ላይ 5500 እና 2000 ደመርኩ። 7500! ድፍን ቁጥር! «የሺው እኩሌታ ላይ ነው የሚሆነው» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለእናቴ ነገርኳት። ለጓደኞቼ ነገርኩ። ለፈተና ማጥናት ተውኩ። የ2000 እንቁጣጣሽ እንደማንኛውም እንቁጣጣሽ ዶሮ ተበልቶ አለቀ፤ ፈተናው ግን ጠበቀኝ። ውጤቴን እዚህ አልጽፍም።

የመለከትን በዓል ከቲክቶክ መቀበል

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ዓምና ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ የደቡብ አፍሪካ ሰባኪ ጌታ በአይሁድ የመለከት በዓል መጥቶ አማኞቹን ይነጥቃል አለ። ቀኑንም ሴፕቴምበር 23 እና 24 ብሎ ቆረጠ። በእኛ መስከረም 13 እና 14፣ 2018 ማለት ነው። ቪዲዮው በአማርኛ ድምፅ ተሠርቶለት በቴሌግራም ሰፈራችን ገባ። ኦርቶዶክስ ፕሮቴስታንት ሳይል ሁሉም ቤት አንኳኳ።

በብሎካችን ያሉ ወጣቶች ያን ሰሞን ለደመራ መዋጮ ይሰበስቡ ነበር። አንድ ጎረቤታችን በሩን ገርበብ አድርጎ «የማትደርሱበትን ደመራ ምን ያስለፋችኋል?» አላቸው። ሁለት መቶ ብር ነበር የተጠየቀው። 13 አለፈ። 14 አለፈ። መስከረም 16 ማታ ደመራው ሲለኮስ ሰውየው ከእኔ በስተግራ ችቦ ይዞ ቆሟል። ማንም ምንም አላለውም። መዋጮውንም የጠየቀው የለም።

ያናደደኝ መሳሳቱ አይደለም። ያናደደኝ የመለከት በዓል ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ምስጢር መምሰሉ ነው። እኛ እኮ በየዓመቱ እናወጣዋለን! በዓለ መጥቅዕ ማለት ይኸው ነው፤ መጥቅዕ መለከት ነው። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ኑ፣ የዘንድሮውን እናውጣው።

7518ን ለ19 ስናካፍል 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመኑ ትተን 12 ይቀራል፤ ወንበር እሱ ነው። 12ን በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፍ 18 ይተርፋል። መጥቅዕ 18 ማለት ነው። ከ14 ስለበለጠ በዓሉ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት ይሆን ነበር። መስከረም 18 እሑድ ዋለ። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባች። ትንሣኤም ከነነዌ 69 ቀን ቆጥሮ ሚያዝያ 4 ይውላል።

አሁን ቀኖቹን አስተያዩ። የቪዲዮው መለከት መስከረም 13 ነው፤ የእኛው መስከረም 18። አምስት ቀን ተለያዩ። ለምን? የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት ከእውነተኛዋ ጨረቃ ጋር ጥቂት ይዛነፋል፤ በሦስት መቶ ዓመት ገደማ አንድ ቀን። አባቶች ይህንን ቀመር ከአሥራ ሁለተኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ከድሜጥሮስ ያደርሱታል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ብታሰሉት ልዩነቱ የት እንደተጠራቀመ ታገኙታላችሁ። ለጾምና ለበዓል ችግር የለውም፤ ሁላችንም በአንድ ቀን እንጾማለን፣ በአንድ ቀን እንፈታለን። መነጠቅን በእሱ የሚጠብቅ ሰው ግን በየትኛው መለከት ሊነሣ ነው?

በአይሁድ በዓል ላይ ቀን መቁረጥም አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዊልያም ሚለር የሚባል ገበሬ በትንቢተ ዳንኤል 2300 ቀን ተነሥቶ ምጽአትን አሰላ። ተከታዮቹ በኋላ ቀኑን በአይሁድ የማስተስረያ በዓል ላይ አሳረፉት። ያውም አይሁድ በሁለት ዓይነት መንገድ ስለሚቆጥሩት ቀራይያን የሚባሉትን የአይሁድ ወገኖች ቆጠራ መርጠው፣ ኦክቶበር 22፣ 1844 አሉ። ሰብሉን ሳይሰበስብ የጠበቀ ገበሬ ነበር። ያ ቀን እስከ ዛሬ «ታላቁ ሐዘን» እየተባለ ይጠራል። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ከዚያ ማታ ያንኑ ቪዲዮ ለጓደኞቻቸው ይልካሉ።

ጨረቃ ቀላች ብሎ መደንገጥ

ጳጉሜን 2፣ 2017 ማታ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጨረቃ ሙሉ ለሙሉ ተጋርዳ ቀላች። በማግስቱ ርኅወተ ሰማይ ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት፣ ልጆች ዝናብ ሊጠመቁ የሚሮጡበት ቀን። ደመናው ገለጥ ሲል በረንዳ ላይ የወጣው ሰው ሁሉ ዝም አለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፀጉሬ ቆሟል።

ግን ጨረቃ የምትጋረደው ምድር በፀሐይና በእሷ መካከል ስትገባ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ካልሆነ አይደርስም። የአይሁድ ፋሲካና የዳስ በዓል ሁለቱም በጨረቃ ወር አጋማሽ፣ በሙሉ ጨረቃ ነው የሚውሉት። በአውሮፓውያኑ 2014 እና 2015 አራት ጊዜ ጨረቃ ቀልታ አራቱም በእነዚህ በዓላት ላይ ስለዋለ ስንት ስብከት ተሰበከበት! በዓሉና ግርዶሹ የሚጠብቁት አንዲት ጨረቃ ነው። አንዳንዴ ቢገናኙ ምን ይገርማል?

ሰኔና ሰኞ

ይህንንስ እናቴም ትፈራዋለች። ሰኔ 1 ሰኞ ሲውል ዓመቱ ክፉ ነው ይባላል። ዘንድሮ ሰኔ 1 ሰኞ ነው። ከአሁኑ ሹክሹክታው ተጀምሯል።

በ2012ም ገጥሞ ነበር። ኮሮና ገብቶ አፋችንን ሸፍነን በምንሄድበት ወቅት። በሁለት ሳምንቱ፣ ሰኔ 14 እሑድ ጠዋት ፀሐይ ተጋረደች፤ ላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች። ይህንን የሚነግሩኝ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔም እሰማቸውና «በ2001 እና በ2007ስ?» እላለሁ። ያኔም ሰኔና ሰኞ ገጥመዋል። ዝም። ማንም ያስታወሰው የለም።

መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ ሰኔ 1 ሰኞ ይውላል፣ በቃ። በ28 ዓመት አራት ጊዜ ይመጣል። ከዘንድሮ ቀጥሎ በ2029 ነው፤ ለመፍራት የሚፈልግ ከወዲሁ ይመዝገብ። ቤተ ክርስቲያን አታስተምረውም። እናቴ ግን ሰኔ 1 ቀን መንገድ አትወጣም፤ እኔም አልሟገታትም።

ገና 28 ሲውል «ዘመን ተዛባ» ማለት

ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ ጥምቀት ግን ጥር 11 እንዳለ ነው። በየአራት ዓመቱ። በየአራት ዓመቱም ይጠይቁኛል።

ደብረ ዘይትን እንደ ቀጠሮ ማየት

ደብረ ዘይት የዐቢይ ጾም አምስተኛ እሑድ ነው። ማቴዎስ 24 ይነበባል፣ ስለ ምጽአት ይሰበካል፣ ጾሙም ይጋመሳል። ያን ቀን ስለሚነበብ ያን ቀን ይሆናል ማለት አይደለም። አንድ ትንሽ ልጅ ደግሞ «መምህር፣ ጌታ የሚመጣው ቢሾፍቱ ነው?» ብሎኛል። በቱሉ ዲምቱ በኩል ሲያልፍ ረዳቱ «ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!» ሲል ይሰማል፤ አልፈርድበትም። ተራራው ኢየሩሳሌም አጠገብ እንደሆነ ነገርኩት። ቅር አለው፤ ሩቅ ሆነበት።

ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ያለው እሑድ ምን እንደሚባል ግን ከጠያቂዎቼ ብዙዎቹ አይነግሩኝም። ገብር ኄር ነው። ጌታው ሲመለስ መክሊቱን ሲነግድበት ያገኘው አገልጋይ።

«ቀንና ሰዓት እንጂ ዓመት አልተከለከለም»

የሐዋርያት ሥራ 1፥7ን አንብቡ። ወራትና ዘመናትም ተብሏል። ቀጣይ።

መሳቅ

ይህ የእኔ የአስተማሪው ስህተት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት እናት ከጉባኤ በኋላ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ዘንድሮ አያልፍም የሚሉት እውነት ነው? ዕቁቤን ልተወው?» አሉኝ። ልጆቹ ፊት ነበር። ሳቅኩ። ልጆቹም ተከትለውኝ ሳቁ። እናትየው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጉባኤ ላይ አላየኋቸውም። ማስቀደስ ሲመጡም ከሩቅ ነበር የምንተያየው። ዕቁቡን እንደተዉት ከሰው ሰማሁ። በዓመቱ በዓል ሲመጣ በግ አልገዙም።

ባለፈው እሑድ ልጁ ስልኩን ሲዘረጋልኝ እሳቸው ከኋላ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። የልጁን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አየሁለት። ከዚያ ጠመኔውን አንስቼ ከ7518 ጀመርኩ። ስንበተን ቆመው ጠበቁኝ።

«የሚመጣው ዓመት ፋሲካስ በስንት ይውላል?»

ሰሌዳው ላይ ሠራሁላቸው። ወንበር 13፣ መጥቅዕ 7፣ በዓሉ ጥቅምት 7 ቅዳሜ፣ ነነዌ የካቲት 15። «ሚያዝያ 24፣ እማማ። ዘግየት ይላል።»

በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። «አዲስ ዕቁብ ገብቻለሁ። የመጨረሻዋን ዕጣ ለእኔ አድርጉልኝ ብዬ ለምኛቸው መጋቢት ላይ ትደርሰኛለች» አሉኝ። «እንግዲያው በጉን ሳይወደድ፣ ቀደም ብዬ እገዛለሁ።»