የአእምሮ ሕክምናን በጎንደር ስንፈልግና ስንከፍል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች አንድ ሰው በአእምሮ ሕመም ሲያዝ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት እንውሰደው?» ብሎ ነው፤ «በምን እንከፍላለን?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በሬው ከተሸጠና ብድር ከተገባ በኋላ ነው። የአእምሮ ሕክምና ወጪ እንደ ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም። ለወራት፣ ለአንዳንዱ ሕመምተኛም ለዓመታት፣ በየቀጠሮው ትንሽ ትንሽ የሚወጣ ገንዘብ ነው። አቅሙን ሁሉ በመንከራተት የጨረሰ ቤተሰብ የሚስማማው መድኃኒት በተገኘ ጊዜ መቀጠያ ያጣል፤ ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ወደዚህ ውጤት የሚያደርሱ ናቸው።

ቅርብ ያለውን ሕክምና ዘልሎ ከአዲስ አበባ መጀመር

የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበረ፣ ዛሬም ብዙ ሰው ከእርሱ ውጭ ሁነኛ ሕክምና ያለ አይመስለውም። ነገር ግን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ሲሆን፣ በሆስፒታሉም የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። ከዚህም ባሻገር የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት፣ በልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ድባቴን፣ ሳይኮሲስን (የሌለ ነገር የሚያሳይ ወይም የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ ሕመም)፣ የሚጥል በሽታንና ከመጠጥ ሱስ ጋር የተያያዙ ችግሮችን ለይተው እንዲያክሙ ሥልጠና ሲሰጣቸው ቆይቷል። ሥልጠናው በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ አለ ማለት ስላልሆነ፣ «የአእምሮ ሕመም የሚያይ ባለሙያ አላችሁ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ተገቢ ነው። ባለሙያው ባይኖር እንኳ ከጤና ጣቢያው የሚገኘው የሪፈር ወረቀት (ወደ ከፍተኛ ተቋም የመላኪያው) ከታች ለማነሳው የጤና መድን ይጠቅማል።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለሕመምተኛውና ለሁለት አስታማሚ መጓጓዣ፣ ማደሪያና ምግብ የሚያስፈልገው ገንዘብ በቅርብ ቢውል የብዙ ወራት መድኃኒት ሊገዛ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ግን፣ እዚያ የተጀመረ ሕክምና ተከታታይ ቀጠሮ የሚኖረው መሆኑ ነው፤ ለመጀመሪያው ጉዞ በመከራ የተገኘው ገንዘብ ለሁለተኛው አይደገምም። የጎንደር ሐኪሞች ራሳቸው ወደ ሌላ ቦታ መላክ ያስፈልጋል ካሉ ያን ጊዜ በወረቀት መሄድ ይቻላል።

ጠበልንና መድኃኒትን አንዱን ምረጡ ማለት

ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦታት መገኛ ናት፤ ጠበልም ከየአድባራቱ አይጠፋም። የታመመ ሰው ያላት እናት አስቀድማ ወደ ጠበል ብትሄድ የሚያስወቅሳት ነገር የለም፤ እዚያ የምታገኘው ጸሎት፣ ከሌሎች ጠበልተኞች የምትሰማው ማጽናኛና የማኅበረሰቡ አቀባበል ሆስፒታል የማይሰጣት ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ጠበሉ እስኪጠናቀቅ መድኃኒቱ ይቆይ ሲባል፣ ወይም በመድኃኒት ላይ ያለ ሕመምተኛ «እምነትህን ያጎድላል» ተብሎ ክኒኑን ሲጥል ነው። ሳይኮሲስ ሳይታከም በቆየ ቁጥር ሕመምተኛው ለሕክምና የሚሰጠው ምላሽ እየደከመ እንደሚሄድ በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀ ነው።

በዚህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ የተናገረችው አለ። የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች በጠበል ቦታ መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ በታየ ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስታውቀዋል። ነገሩ የተነገረው ስለሌላ ሕመም ቢሆንም ሐሳቡ ለአእምሮ ሕመምም የሚሠራ ነው፤ አስታማሚው ይህን ይዞ ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመክር፣ በብዙ ቤት የሚያከራክረው ነገር በአንድ ውይይት ሊረግብ ይችላል። ለሱባኤ የሚገባ ሕመምተኛ ከመሄዱ በፊት የሚቆይበትን ቀን የሚሸፍን መድኃኒት ተቀብሎ፣ በሰዓቱ የሚያስታውሰው ሰው አብሮት ሊኖር ይገባል። በጾም ወራትም ሆነ በረመዳን የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳይጠይቅ ያቋርጠዋል።

ሕመምተኛውን በሰንሰለት አስሮ ማቆየትን በተመለከተ፣ ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያደርገው በጭካኔ ሳይሆን በፍርሃትና በድካም መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም የታሰረ ሰው ይቆስላል፣ ይዋረዳል፤ ሕመሙም አይቀንስለትም። ከማሰር አስቀድሞ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ይገባል።

የጤና መድንን ከታመሙ በኋላ ማሰብ

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች የተስፋፋ፣ ለገበሬውና በግል ሥራ ለሚተዳደረው ሰው የተዘጋጀ አሠራር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በሚከፈል መዋጮ የቤተሰቡ አባላት ውል በገቡ የጤና ተቋማት ይታከማሉ። ለአእምሮ ሕመም ይህ አሠራር በተለይ ይጠቅማል፤ በየወሩ የሚደጋገመውን የካርድ፣ የምርመራና የመድኃኒት ወጪ ከኪስ ከመክፈል ያድናልና።

ሦስት ነገሮች ግን ብዙዎችን ያሰናክላሉ። የመጀመሪያው እድሳት ነው፤ የመድን ደብተሩ ጊዜው ካለፈ በመስኮቱ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል፣ የምዝገባና የእድሳት ወቅቱም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ላይሆን ስለሚችል ከቀበሌው ቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዕድሜ ነው፤ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ቢኖርም በቤተሰቡ መድን ለመካተት ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። ይህን ነጥብ አጥብቄ የማነሳው፣ እንደ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ያሉት ከባድ ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከጉርምስና መጨረሻ አንሥቶ እስከ ሃያዎቹ ባለው ዕድሜ ስለሆነ ነው። ልጁ ከመድኑ የሚወጣበት ጊዜና ሕመሙ የሚመጣበት ጊዜ ይገጣጠማሉ ማለት ነው፤ ለአንድ ጤነኛ የ19 ዓመት ወጣት ተጨማሪውን መዋጮ መክፈል ከንቱ ወጪ የሚመስለው ቤተሰብ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ሦስተኛው ደረጃን ጠብቆ መሄድ ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይጻፍለት በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሄደ የመድን አባል ወጪውን ከኪሱ ሊጠየቅ ይችላል። ከወገራ ወይም ከደምቢያ ተነሥቶ ጎንደር የደረሰ ሰው ለአንዲት ወረቀት ሲባል ወደ መጣበት ሲመለስ የሚያወጣው ገንዘብና የሚያጠፋው ቀን ያሳዝናል። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ካልተገኘና ከውጭ ከተገዛ፣ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ የመድን ክፍሉን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ሕጋዊውን ደረሰኝና የማዘዣውን ግልባጭም አለመጣል ያስፈልጋል። መዋጮውን መክፈል ለማይችል ድሃ ቤተሰብ ደግሞ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ የሚመረጡት በቀበሌ ስለሆነ በማፈር ዝም ማለት ያስቀራል።

የካርዱን ዋጋ ብቻ መቁጠር

ብዙ ቤተሰብ «ሕክምናው ርካሽ ነው» ብሎ ይጀምርና በሦስተኛው ወር ያቆማል። እንደ አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች በመንግሥት ተቋም ሲገኙ ዋጋቸው ከባድ አይደለም፤ የሚያደክመው ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያውና ከሥራ የሚቀረው አስታማሚ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ አቅምን መደበቅ ስህተት ነው። «የምንመጣው ከደባርቅ ነው፣ በየወሩ መመላለስ አንችልም» ብሎ የተናገረ ሰው፣ ሕመሙ ከተረጋጋ በኋላ ረዘም ያለ ቀጠሮ ሊሰጠው፣ ወይም ክትትሉ በቅርቡ ወዳለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ በወረቀት ሊዛወርለት ይችላል። ክኒን መዋጥን ለሚረሳ ወይም ለማይወድ የሳይኮሲስ ሕመምተኛ በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ ገደማ የሚወጋ እንደ ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት ያለ መርፌም አለ። ውድ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝም «ከዚህ ረከስ ያለ የሚተካው አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሐኪሙ አለመተካት የሚሻልበት ምክንያት ካለው ይነግራል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀኖች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። ከገጠር የሚመጣ ሰው የቀጠሮው ቀን ቢያልፍበት የሚበቃ ትርፍ መድኃኒት እንዲታዘዝለት ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፎ መያዝም በሌላ ተቋም መቀጠል ግድ ሲሆን ያገለግላል።

ግማሽ ታሪክ ይዞ ሐኪም ዘንድ መቅረብ

ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫትና በቤት ስለተሰጠ የባህል መድኃኒት ዝም የሚባለው በሐፍረት ነው። ሐኪሙ ግን እነዚህን ካላወቀ የተሳሳተ መድኃኒት ሊያዝ፣ ቤተሰቡም ለማይሠራ ሕክምና ሊከፍል ይችላል። የደም ምርመራ ሲታዘዝም «ይህ ለአእምሮ ምን ያደርጋል?» ብሎ መተው አይገባም፤ የእንቅርት እጢ መዛባት፣ የአንጎል ወባና ሌሎች ኢንፌክሽኖች የአእምሮ ሕመም መስለው ሊቀርቡ ይችላሉና። አብሮ የሚሄደው ሰው ሕመምተኛውን በቅርብ የሚያውቅ ቢሆን፣ ቀድሞ የተወሰዱት መድኃኒቶችም ከነማሸጊያቸው ቢያዙ ብዙ ድግግሞሽ ይቀራል።

ሲሻል ማቆም፣ ሳይሻልም ማቆም

የድባቴ መድኃኒት ማሻሻሉ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ አፍ መድረቅ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ማቅለሽለሽ ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንሥተው ሊመጡ ይችላሉ። ይህን ያልተነገረው ሰው በሳምንቱ «ጎዳኝ እንጂ አልረዳኝም» ብሎ ይተወዋል፤ የከፈለው ገንዘብም ያልቃል። ሌላው ደግሞ በሁለተኛው ወር ሲሻለው ያቆማል። ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ የድባቴ መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር፣ የሳይኮሲስ መድኃኒት ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት መቀጠል የሚመከረው ሕመሙ እንዳይመለስ ነው። የተመለሰ ሕመም መኝታ ሊያስይዝ ይችላል፤ የመኝታ ወጪውም በማቋረጥ የተቆጠበውን ገንዘብ ብዙ እጥፍ አድርጎ ይወስዳል። አንገት የሚያጣምም፣ ሰውነት ገትሮ የሚይዝ ወይም አላስቀምጥ የሚል የመድኃኒት ጉዳት ሲታይ መጠኑን በመቀነስ ወይም በረዳት መድኃኒት ሊስተካከል ስለሚችል፣ ከማቆም በፊት ተመልሶ መታየት ይሻላል።

በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ለሚጥል በሽታ ወይም ለባይፖላር የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት ሲታዘዝላት፣ መድኃኒቱ በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል በግልጽ ሊነገራት ይገባል፤ ለተመሳሳይ ሕመሞች የሚሰጠው ካርባማዜፒንም የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንና በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ኃይላቸውን ይቀንሳል። ካልተነገራት ራሷ ትጠይቅ።

በአሮጌ ማዘዣ ወይም በጎረቤት ምክር መድኃኒት መግዛት

ለእንቅልፍ ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛው ዳያዜፓም በሳምንታት ውስጥ ጥገኝነት ያመጣል፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰውም በድንገት ቢያቆመው ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ለአንዱ የታዘዘውንም ለሌላው ማካፈል አይገባም። በግል የምክር አገልግሎት ለሚሰጥ ሰው ከመክፈል በፊትም የሙያ ፈቃዱን ማየት፣ የአንድ ጊዜ ክፍያው ስንት እንደሆነና ስንት ጊዜ መመላለስ እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ይገባል።

ሞትን የሚያነሣ ሰው ሲኖር ገንዘብ እስኪሞላ መጠበቅ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ወጪን ማቀድን የሚመለከት ነው፤ ይህ ግን ለዕቅድ ጊዜ አይሰጥም። «ብሞት ይሻላል» የሚል፣ ንብረቱን የሚያከፋፍል ወይም የሚሰናበት የሚመስል ሰው ሲታይ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ይገባል። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ብዙውን ጊዜ ያቀልለታል። በገበሬ ቤት ውስጥ አደጋው የሚበረታው የፀረ ተባይ ኬሚካል በቀላሉ ስለሚገኝ ነው፤ ኬሚካሉን ከቤት አውጥቶ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ወይም መቆለፍ፣ የተረፉትንም ክኒኖች ሌላ ሰው እንዲይዛቸው ማድረግ ምንም ወጪ አይጠይቅም። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ የሚያሰጉ ስለሆኑ፣ ሕመምተኛው ከመውጣቱ በፊት የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀርቦ እንዲያዝለት፣ መጓጓዣውም ከወዲሁ ተለይቶ እንዲቀመጥ፣ በእነዚያ ሳምንታትም ብቻውን የማይተወው ሰው እንዲመደብለት ቤተሰቡ መነጋገር አለበት።