የራዳር ምስል ላይ ያ ጥቁር ነገር ዘይት ነው? የባሕር ፍሳሽን ከርቀት ሲከታተሉ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄ

ራዳር የጫኑ እንደ ሰንቲነል-1 ያሉ ሳተላይቶችን ጨለማም ደመናም አያግዳቸውም። ግን የሚያዩት ዘይቱን ራሱን ሳይሆን ዘይቱ ትንንሽ ሞገዶችን ማስተኛቱን ነው። ብዙው ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ችግር፦ ሰፊ ጥቁር ቦታ ይታያል፤ ዘይት መሆኑ ግን ያጠራጥራል።
ምክንያት፦ ውሃውን የሚያለሰልስ ነገር ሁሉ ምስሉ ላይ ይጠቁራል። ነፋሱ በሰከንድ ከ2 ወይም 3 ሜትር ሲያንስ ባሕሩ ራሱ ጥቁር ነው። ተራራ ከነፋስ የከለለው የባሕር ጠርዝ፣ ዝናብ የመታው ውሃ፣ አልጌ የሚያመነጨው ስስ ቅባትም እንዲሁ።
መፍትሄ፦ ቅርጹን ከመመርመር በፊት የሰዓቱን የነፋስ መረጃ ይክፈቱ። ነፋሱ በቂ ሆኖ ጥቁሩ ቀጭንና ረጅም መስመር ከሠራ፣ በተለይ በመርከብ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ማረጋገጫው ግን ከአውሮፕላን ወይም ከጀልባ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ድረስ ሪፖርቱ ላይ «ሊሆን ይችላል» ብሎ መጻፍ ግዴታ ነው፤ በሐሰት የተከሰሰ መርከብም፣ ችላ የተባለ ፍሳሽም ጉዳቱ ከባድ ነው።

ችግር፦ ትናንት የታየው ፍሳሽ ዛሬ የለም።
ምክንያት፦ ብዙ ጊዜ ነፋስ ነው። በሰከንድ ከ10 እስከ 12 ሜትር ሲያልፍ ማዕበሉ ዘይቱን ከውሃው ጋር ይቀላቅለዋል፤ ልዩነቱም በራዳር አይታይም።
መፍትሄ፦ «ጸድቷል» አይበሉ። ዘይት ከውሃው ጅረት በተጨማሪ የነፋሱን ፍጥነት 3 በመቶ ያህል ይዞ ይጓዛል፤ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገፋዋል። ፍለጋው ወደዚያ ይዙር።

ችግር፦ የመስመሩ ጫፍ ላይ መርከብ የለም።
ምክንያት፦ መርከቡ ሄዷል፣ ዘይቱም ተንሳፍፏል። በዚያ ላይ የሚንቀሳቀስ መርከብ በራዳር ምስል ላይ ከእውነተኛ ቦታው ፈቀቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።
መፍትሄ፦ የዘይቱን ጉዞ ወደኋላ አስልተው ከኤአይኤስ (መርከቦች ማንነታቸውንና ቦታቸውን በራዲዮ የሚያሳውቁበት ሥርዓት) መረጃ ጋር ያነጻጽሩ።

ችግር፦ ስንት ሊትር እንደፈሰሰ ይጠየቃሉ።
ምክንያት፦ ምስሉ ስፋትን እንጂ ውፍረትን አይናገርም።
መፍትሄ፦ ከአውሮፕላን የታየውን ቀለም ይጠይቁ። በቦን ስምምነት (የሰሜን ባሕር አካባቢ አገሮች የባሕር ብክለትን ለመቆጣጠር የገቡት ውል) መለኪያ መሠረት ቀስተ ደመና የሚመስለው ዘይት ውፍረቱ ከ0.3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ነው፤ ይህም በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ከ300 እስከ 5,000 ሊትር ማለት ነው። የራሱን ቀለም ሳይቆራረጥ የያዘው ግን ከ200,000 ሊትር ይበልጣል። ስለዚህ መልስዎ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ይያዝ።