የውጭ ሰው ሲመጣ አገር ይጠነክራል ወይስ ይደክማል? ከድሬ ሆናችሁ እንዲህ መዝኑት

ስለ ስደተኛ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ቶሎ ወደ ቁጥር ይሮጣል። ስንት ገቡ? ስንት ሥራ ወሰዱ? እኔ ደግሞ አስቀድማችሁ ምን ሙያ እኛ ጋ ቀረ ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። ለዚህ ጥያቄ ድሬዳዋን የመሰለ ቦታ የለም።

ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ከድሬዳዋው ከከዚራ ሰፈር ተነሱ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1902 እ.ኤ.አ. የጅቡቲው ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ነው። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ አረብ ባቡሩን ተከትሎ መጣ።

ከዚያ ጋራዥ ግቡና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። "ካቻቪቴ አቀብለኝ፣ ፒንሳው የት ሄደ፣ ቡሎኑን አጥብቀው።" ሦስቱም የጣልያን ቃላት ናቸው። ጣልያን የገባው በወረራ ነው፣ ያፈሰሰው ደም ከቡሎን ጋር አይመዘንም። ቃሉ የቀረው ግን ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ስለተሻገረ ነው። እኛ ሰፈር ዕድሜያቸውን ቶርኖ፣ ማለትም የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ የጨረሱ አንድ አባት ነበሩ፣ ብረቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው ገና ምን ያህል መላግ እንዳለበት ይናገሩ ነበር፣ ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ ቶርኖ ቤት የከፈቱት ልጆች የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው። መቁጠር ካለባችሁ እነዚህን ቁጠሩ።

ጊዜ ካላችሁ ሐረር ውጡ። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ጩኸት ነው። የህንድ ነጋዴዎች ያሠሯቸውን ባለ በረንዳ ቤቶችም እግረ መንገዳችሁን እዩ።

ነገሩ ስለ ሱቅና ጋራዥ ብቻ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ኢትዮጵያ በዓለም ፊት የቆመችበትን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ፣ ታዲያ ለምን ሄዱ? ከአብዮቱ በኋላ ንብረት ሲወረስ ብዙ ግሪኮችና አርመኖች አገሩን ለቀቁ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። እዚህ ተወልዶ በአማርኛ አፉን የፈታን ሰው ነው የሸኘነው። ስለዚህ የማንኛውንም አገር ጉዳይ ስትመዝኑ ሕጉን እዩ። የመጣው ሰው ሱቅ ይከፍታል? ልጁስ ዜጋ ይሆናል? ካናዳ ውስጥ በ2021 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከ100 ሰው 23ቱ ከውጭ የመጣ ነበር፣ አብዛኛውም ዜግነት ይወስዳል። ጃፓን በሯን ጠበቅ አድርጋ ኖራ፣ ሕዝቧ እያረጀና እየቀነሰ ሲመጣ በ2019 እ.ኤ.አ. አዲስ የሠራተኛ ቪዛ ጀመረች።

እኛም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኞች ሠርቶ የመኖር መብት ሰጥተናል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ሥራ ላይ መዋሉን ለማወቅ አንድ የየመን ልጅ የከፈተው ቁርስ ቤት ግቡ፣ ፈቃድ ለማውጣት ስንት ቢሮ እንደዞረ ጠይቁት። ከዚያ ሙያው መሻገሩን ለማወቅ አጠገቡ የሚሠራውን የሰፈር ልጅ፣ ፈቲራውን አንተ ትዘረጋለህ ወይ በሉት።