አሮጌው ላፕቶፕ ድራይቨር አልቀበልም ሲል
በዊንዶውስ 7 ዘመን የተገዛውን ላፕቶፔን ወደ ዊንዶውስ 10 ካሻገርኩት በኋላ፣ ስክሪኑ ከ1024 በ768 አላልፍ ብሎ ፊደሉ ሁሉ ተለጥጦ ይታይ ነበር። ያወረድኩት የግራፊክስ ድራይቨር (ዊንዶውስ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር እንዲግባባ የሚያደርገው ሶፍትዌር) ሴትአፕም (መጫኛው) ኮምፒውተሩ መስፈርቱን አያሟላም እያለ ሦስት ጊዜ መለሰኝ። የኮምፒውተሩን ክፍሎች ከሚዘረዝረው ዲቫይስ ማኔጀር የግራፊክስ ካርዱን ሃርድዌር አይዲ (የካርዱን ሞዴል የሚለይ ኮድ) ገልብጬ፣ ሴትአፑን የታሸጉ ፋይሎችን በሚፈታው ሰቨን ዚፕ ከፈታሁት በኋላ ድራይቨሩ የሚደግፋቸውን ካርዶች የሚዘረዝረውን የአይኤንኤፍ ፋይል በኖትፓድ ስከፍት ግን ያው መለያ እዚያው ተጽፎ አገኘሁት፤ ለካ እንቢ ያለው ድራይቨሩ ሳይሆን የዊንዶውሱን ስሪት የሚፈትሸው ሴትአፕ ኖሯል። ስለዚህ፣ መመለሻ እንዲኖረኝ አስቀድሜ ሪስቶር ፖይንት ፈጥሬ፣ «አፕዴት ድራይቨር» ውስጥ ከዝርዝር መምረጥ የሚያስችለውን ተጭኜ፣ «ሃቭ ዲስክ» በሚለው በኩል ፋይሉን በቀጥታ ሰጠሁት። ስክሪኑ ለአፍታ ጨልሞ በ1366 በ768 ተመለሰ።