ማዕበሉ ይቆይ፤ መጀመሪያ ጸጥ ያለውን ቀን እወቁ

«የሕዋ አየር ሁኔታ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ በየሴሚስተሩ ይመጣልኛል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ በሜይ 2024 የተነሱትን ፎቶዎች ያየ ነው። ሰማዩ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ፣ እስከ ሜክሲኮ ድረስ የታየበትን ማዕበል ማለቴ ነው፤ ከፀሐይ የሚመጣው ነገር የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲረብሽ ማዕበል እንለዋለን። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ ነው የምጽፈው፤ ዳታው የሚመጣው በዚያ ስለሆነ ነው።) አልፈርድበትም። እኔም ወደዚህ ሙያ የገባሁት በማዕበል ወሬ ነው። በማርች 1989 የካናዳዋ ኩቤክ የኤሌክትሪክ መረብ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ እንደ ወደቀና ሚሊዮኖች ለ9 ሰዓት ያህል በጨለማ እንደ ተቀመጡ ያነበብኩ ቀን፣ በቃ አበቃልኝ።

ምክሬ ግን ተቃራኒ ነው። ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት ማዕበሉን እርሱት። ምንም ያልተፈጠረበትን ቀን አጥኑ።

ለምን ብትሉ፣ እዚያ ላይ፣ በላይኛው አየር፣ «ኖርማል» የሚባል አንድ ቁጥር የለም። ከምድር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ የፀሐይ ጨረር ከአየሩ ላይ ኤሌክትሮን እየነጠቀ አዮኖስፌር የምንለውን ንብርብር ይሠራል። ቀን ይወፍራል፣ ሌሊት ይሳሳል። ከወቅት ወቅት ይለያያል። በ11 ዓመቱ የፀሐይ ዑደት እጅግ ይለዋወጣል። በመግነጢሳዊው ወገብ አካባቢ ደግሞ ፕላዝማው (ኤሌክትሮን የተነጠቀበት አየር ከነኤሌክትሮኑ) ወደ ላይ ተገፍቶ በሁለት በኩል እንደ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ስለዚህ ክምችቱ ከራሱ ከወገቡ ይልቅ ግራና ቀኙ ላይ ይበዛል። ፀሐይ ጭራሽ ዝም ባለችበት ወቅት እንኳ የዛሬው የኤሌክትሮን መጠን ከትናንቱ በ20 በመቶ ገደማ ቢለይ የሚደንቅ አይደለም። ይህን ሁሉ ሳታውቁ «ማዕበሉ ይህን አደረገ» ብትሉ፣ ሰውየውን ጤነኛ ሆኖ ሳታዩት በሽታውን እንደ መናገር ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። አንድ የጂፒኤስ ጣቢያ ምረጡ። አንድ ብቻ። አንድ ወር ምረጡ። ዳታው በነጻ ይገኛል፤ ዓለም አቀፉ የጂኤንኤስኤስ (የጂፒኤስና የመሰሎቹ ሳተላይቶች) አገልግሎት አለ፣ ማድሪጋል የሚባለው የዳታ ቋት አለ። ጂፒኤስ በሁለት ሞገድ ይልካል፤ በ1575.42 እና በ1227.60 ሜጋኸርዝ። አዮኖስፌር ሁለቱን እኩል አያዘገያቸውም። ከልዩነታቸው ተነስታችሁ ሲግናሉ በመንገዱ ላይ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለፈ ታሰላላችሁ። እሱን ነው በአጭሩ ቴክ የምንለው። 1 የቴክ ዩኒት ማለት በካሬ ሜትር 10,000 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ነው፤ በመጀመሪያው ሞገድ ላይ የ16 ሴንቲ ሜትር ስህተት ያመጣል። ከሰዓት በኋላ 50 ዩኒት ሲደርስ ስህተቱ 8 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ኮዱን ከሰው መገልበጥ ቀላል ነው፤ እናንተ ግን የመጀመሪያውን በእጃችሁ ጻፉት። ፓይተን ይበቃል።

ከዚያ 30ዎቹን ቀኖች በ30 ግራፍ ሳሉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እየቀለድኩ አይደለም። ስክሪን ላይ አንዱን ስታዩ ሌላው ይጠፋባችኋል።

የሰዓት ነገር ብዙዎችን ጉድ ያደርጋል። ፋይሉ የሚመጣው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። አዮኖስፌር ግን የሚያውቀው የራሱን ፀሐይ ነው። በየ15 ዲግሪ ኬንትሮስ 1 ሰዓት ደምሩ ወይም ቀንሱ። ተማሪ «ሌሊት ላይ የሚገርም ጭማሪ አገኘሁ» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ያገኘው ቀትርን ነው።

ቀጥሎ ጸጥ ያሉትን ቀኖች ለዩ። እዚህ ላይ መገመት የለም። ፖትስዳም ያለው የጀርመኑ ጂኤፍዜድ ማዕከል በየወሩ 10 እጅግ ጸጥ ያሉ እና 5 እጅግ የተረበሹ ቀኖችን ያወጣል፤ መነሻው ከ0 እስከ 9 የሚሄደውና በየ3 ሰዓቱ የሚሰላው ኬፒ ነው፤ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ምን ያህል እንደ ተረበሸ የሚናገር ቁጥር። የጸጥተኞቹን አማካይ ውሰዱ። ያ መስመር የእናንተ መለኪያ ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ፒኤችዲ በጀመርኩ በስምንተኛው ወር አንድ ሞገድ አገኘሁ። ምሽት ላይ፣ በአንድ ሳተላይት ላይ፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ። በማግስቱም አለ። በሦስተኛውም ቀን አለ። ደግሞ ቀኖቹ በሙሉ ጸጥ ያሉ ናቸው! ተጓዥ የአዮኖስፌር ሞገድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለኮንፈረንስ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀሁ። እንቅልፍ አጣሁ።

አማካሪዬ ግራፎቹን አንድ በአንድ አዩና እርሳስ አንስተው የሞገዱን መጀመሪያ በየቀኑ ምልክት አደረጉበት። ምልክቶቹ በአንድ መስመር ወደ ግራ ይሄዳሉ። በየቀኑ 4 ደቂቃ ቀደም ይላል።

«ፀሐይ በየቀኑ 4 ደቂቃ ቀድማ ትጠልቃለች እንዴ?» አሉኝ።

አትጠልቅም። በየቀኑ 4 ደቂቃ የሚቀድመው የጂፒኤስ ሳተላይቱ ራሱ ነው። በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገደማ ተመልሶ ሰማዩ ላይ እዚያው ቦታ ይገኛል። እዚያው ቦታ ሲደርስ ሲግናሉ የሆነ ነገር ላይ እየነጠረ ነው ማለት ነው። ጣራ ላይ ወጣን። ከአንቴናው አጠገብ አዲስ የቆርቆሮ ክዳን ተሠርቷል። የእኔ ግኝት ቆርቆሮ ነበር። ያኔ የምሠራው በኮዱ መለኪያ (ሳተላይቱ በሲግናሉ ላይ በሚልከው ኮድ ርቀትን በመለካት) ብቻ ስለነበር፣ ነጸብራቁ እንደ ልቡ ተጫወተብኝ፤ የራሱን የሞገዱን ዑደት የሚከታተለው የፌዝ (phase) መለኪያ ለዚህ ብዙም አይበገርም።

አጭሩን ጽሑፍ በዚያው ምሽት አነሳሁት። ግን ልብ በሉ፣ የያዘኝ ምንድን ነው? ጸጥ ያሉ ቀኖች በተከታታይ መደርደራቸው። ማዕበል ባለበት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ አይቼው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬም ድረስ ታትሞ ያሳፍረኝ ነበር።

ጸጥታው ደግሞ ስህተት ማጥመጃ ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 2009 ፀሐይ በጣም ተኝታ ነበር። ማዕበል የሚጠብቅ ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል። በዚያው ወር ግን በሰሜን ዋልታ በኩል፣ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ስትራቶስፌር የሚባለው የአየር ንብርብር በድንገት ሞቀ። ከዚያ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ በወገብ አካባቢ፣ ቴክ ጠዋት ላይ ከወትሮው በላይ አሻቀበ፣ ከሰዓት በኋላ ወረደ። አዮኖስፌር ከፀሐይ ብቻ ሳይሆን ከታች ካለው የአየር ጠባይም ምን ያህል እንደሚታዘዝ በግልጽ ካሳዩን አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው። ፀሐይ ዝም ባትል ኖሮ ማን ያየው ነበር?

ከዚህ በኋላ ማዕበሉ የእናንተ ነው። ከፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ ሳያቋርጥ ከሚፈሰው ፕላዝማ) መጀመሪያ የምታዩት ፍጥነቱን ሳይሆን የመግነጢሳዊ መስኩን አቅጣጫ ይሁን። ወደ ደቡብ ሲዞር የምድር መግነጢሳዊ መስክ በሩ ይከፈታል። ይህን የሚለኩት መንኮራኩሮች ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ስለቆሙ፣ ማስጠንቀቂያው ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ትንሽ ማዕበልንም አትናቁ። በፌብሩዋሪ 2022 ስፔስኤክስ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶችን አመጠቀ። ማዕበሉ ትልቅ የሚባል አልነበረም። ግን የላይኛው አየር ሞቆ ወደ ላይ አበጠ፤ ሳተላይቶቹ ገና 210 ኪሎ ሜትር ላይ ስለነበሩ አየሩ ጎተታቸው። 38ቱ ወደ ምድር ሲመለሱ ተቃጠሉ።

ስለ ትምህርቱ ብዙ አልልም። ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ የፈሳሽ ፊዚክስ፣ ፕላዝማ፣ ስታቲስቲክስ። ስታቲስቲክሱን አትዝለሉት።

አማካሪ ስትመርጡ የፔፐሮቹን ብዛት አትቁጠሩ። «የመጨረሻ ጊዜ ጥሬ ዳታ የከፈቱት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በትህትና፣ ግን ጠይቁ። የአንዳንዶቹ ፊት ይለወጣል። መልሱ እሱ ነው።

ሥራ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ውጭም አለ። የትንበያ ማዕከላት፣ የሳተላይት ኦፕሬተሮች፣ የኤሌክትሪክ መረብ ድርጅቶች ሰው ይፈልጋሉ። ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሥር ለበረራ የሕዋ አየር ሁኔታ ማስታወቂያ ይወጣል። ያንን የሚጽፍ ሰው በፈረቃ፣ ሌሊትም ጭምር ይቀመጣል። የምርምር ነጻነት ለለመደ ሰው ይከብዳል፤ ግን ትንበያው በማግስቱ ስለሚፈተን ሰውን በቶሎ ያበስላል።

እኔም አንዳንዴ ለቡድናችን ሰው እቀጥራለሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ግራፍ አስቀምጣለሁ፤ ያንኑ የጥንቱን የምሽት ሞገድ፣ ሦስት ቀን ተደርድሮ። አብዛኛው አመልካች አየሩ ውስጥ ስለሚሄደው የስበት ሞገድና ስለ ፕላዝማ አረፋ ያብራራልኛል፤ ብዙዎቹም በደንብ ነው የሚያብራሩት። አምና አንዲት ልጅ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ በእስክሪብቶዋ ሦስቱን መነሻዎች ለካችና ቀና አለች።

«አንቴናው የት ነው የተተከለው?» አለችኝ።

ሰኞ ሥራ ጀመረች።