የዛፍ እንቁራሪት ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አረንጓዴዋ የአውስትራሊያ የዛፍ እንቁራሪት ለጀማሪ የምትመች ናት፤ በወጉ ከተያዘች ከ15 ዓመት በላይ ትኖራለች። ችግሩ ቆዳዋ ነው። ውሃን በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ስለምትመጥ፣ ውሃው የያዘው ሁሉ አብሮ ይገባል።

የቧንቧ ውሃ እንደወረደ መስጠት፦ ክሎሪን ይጎዳታል። ውሃው አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ሳይከደን 24 ሰዓት ከቆየ ክሎሪኑ ይተናል፤ በተከደነ ጄሪካን ካደረ ግን አይወጣም። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ከተሞች ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ እሱ ደግሞ ቢያድርም አይለቅም። ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን የውሃ ማከሚያ ይጠቀሙ፣ ክሎራሚን እንደሚያጠፋም ከጠርሙሱ ላይ ያንብቡ። ተፍልቶ በእንፋሎት የተጣራ ውሃም አይሆንም፤ ማዕድን ስለሌለው የሰውነቷን ጨው ያሟጥጣል። የምትነከርበትን ሳህን ውሃ በየቀኑ ይቀይሩ፤ ሽንቷ አሞኒያ ሆኖ ተመልሶ ወደ ሰውነቷ ይገባል።

በእጅ ማሻሸት፦ ሎሽንና የሳሙና ቅሪት ቆዳዋን ያቃጥላሉ። ማንሳት ግድ ከሆነ እጅዎን በደንብ ተለቃልቀው በታከመ ውሃ ያርጥቡ። ሳልሞኔላ ልትይዝ ስለምትችል ከነኳት በኋላ በሳሙና ይታጠቡ።

ባየችዎት ቁጥር ማብላት፦ ጠግባም ትበላለች፣ አትመኗት። ላደገች እንቁራሪት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ፌንጣ ይበቃል። የፌንጣው ውፍረት በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ርቀት አይብለጥ። ከዓይኗ በላይ ያለው የስብ እጥፋት ወደ ጆሮዋ ታምቡር ከወረደ ወፍራለች ማለት ነው፤ ይቀንሱላት። ፌንጣውን ቫይታሚን ዲ3 ባለው የካልሲየም ዱቄት ነስንሰው ይስጡ፤ አለዚያ አጥንቷ ይለሰልሳል፣ መንጋጋዋም ይጣመማል። ከግቢ የተያዘ ነፍሳት ፀረ ተባይ ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ይቅር። ያልተበላውን ፌንጣ ሌሊቱን አይተዉት፤ ይነክሳታል።

ጠጠር ማንጠፍ፦ ነፍሳቱን ስትይዝ ጠጠሩንም ትውጣለች፣ አንጀቷ ይዘጋል። እርጥብ ሶፍት ለጅምሩ ይበቃል።

ሳጥኑን ሁልጊዜ ማራስ፦ ቀን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ፣ ሌሊት 20 ገደማ፣ እርጥበቱም ከ50 እስከ 60 በመቶ ይሁን። ጠዋትና ማታ ውሃ ይርጩ፤ በመካከሉ ግን ይድረቅ። ረግረግ የሆነ ሳጥን ባክቴሪያ ያራባል።

ትልቅና ትንሽ አንድ ላይ ማኖር፦ ትንሹ ይበላል።

ሲሰለቹ ወንዝ ዳር መልቀቅ፦ ጤነኛ የምትመስል እንቁራሪት ኪትሪድ የተባለውን ገዳይ ፈንገስ ለዱር እንቁራሪቶች ልታስተላልፍ ትችላለች። የሳህኗን ውሃም ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ሽንት ቤት ይድፉት።