ሐረማያ ላይ ለዓሳ ድንጋይ ብትከምሩ፣ መሥራቱን እንዴት ታውቃላችሁ?

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱ የምታዩት ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ የተመለሰ ነው። ለዓሳ መጠለያ ብላችሁ ድንጋይና ቅርንጫፍ ብትከምሩበት "ዓሳ መጣ" ማለት ቀላል ነው፤ ማሳየቱ ነው ሥራው።

ሳትከምሩ በፊት ለኩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፣ በኋላ የሚያወዳድረው ነገር ያጣል። ክምር የሌለበት፣ ጥልቀቱና ዳርቻው የሚመሳሰል ሌላ ቦታም ምረጡና እዚህ ያደረጋችሁትን ሁሉ እዚያም አድርጉ፤ አለበለዚያ ዝናቡ ያመጣውን ዓሳ ለድንጋዩ ትሰጡታላችሁ።

መረቡ አንድ ዓይነት፣ የሚቆይበት ሰዓትም እኩል ይሁን። ቆሮሶም ይሁን አምባዛ በየዓይነቱ ቁጠሩ፣ ርዝመቱን ለኩ፣ ቶሎ ወደ ውሃው መልሱ። በተለይ ጫጩቶቹን መዝግቡ። ትልቁ ዓሳ አላፊ አግዳሚ ሊሆን ይችላል፣ ምን ይታወቃል!

ኦክስጅን ጎህ ሲቀድ ለኩ፤ ሌሊት ዕፅዋቱም ስለሚተነፍሱ ዝቅ የሚለው ያኔ ነው። ለውሃው ጥራት 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ሳህን በገመድ አውርዱና ከዓይን የተሰወረበትን ጥልቀት ጻፉ። የውሃውን ከፍታም ምልክት ካለው ቋሚ እንጨት ላይ አንብቡ። ሐይቁ ሸሽቶ ክምሩ ደረቅ ላይ ከቀረ ድንጋዩን አትውቀሱ።

መረብ ከመጣላችሁ በፊት ግን የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት አስፈቅዱ።